አንጓዬን የሰጠሁባቸው ዓመታት

ይህን የምጽፈው ጠዋት ሲነሱ ጣታቸው አልታጠፍ እያለ ለሚያስቸግራቸው ነው፤ በተለይ ደግሞ ያንን ለሰው መናገር ለሚያፍሩት። እኔ እስክሪብቶ የምይዘው እንደ ሌላው ሰው አይደለም። በጠቋሚ ጣቴና በመሃል ጣቴ መካከል እሰካውና በክንዴ እገፋዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩትም በስተርጅና ስለሆነ ጽሑፌ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። ልጄ «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍልሽ» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ያሳፈረኝ እጄ ስለሆነ እሱው ይጻፈው ብዬ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሰላምታችን ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ነገሬ አይገባችሁም። እኛ ዘንድ ሰው ከሰው ሲገናኝ «አሰላሙ አለይኩም» ተባብሎ እጅ ይሳሳማል። እሷ የእኔን ትስማለች፣ እኔ የእሷን እስማለሁ። እጁን የሚነፍግ ሰው ተቀይሟል ማለት ነው። እጁ ሊጥ የነካ ወይም ጭቃ የያዘ ሰው ብቻ «እጄ ቆሻሻ ነው» ይልና የእጁን አንጓ ይዘረጋል፤ ያኛውም አንጓውን ይዞ ይስመዋል። ይህን ትንንሽ ልጆች እንኳ ያውቁታል። እኔ በዚህች ልማድ ተሸሽጌ ዓመታት ኖርኩ።

ነገሩ የጀመረው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ያኔ ቡታጅራ ዛሬ የምታዩዋት ከተማ አልነበረችም። ገበያዋ ግን ትልቅ ነበር። ባለቤቴ ሸምሱ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ከገበሬው ሰብስቦ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይወስዳል። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ በእናቱ ግቢ ውስጥ ነበር። አማቴን እማ ረድያን አገር ያውቃቸዋል። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። እንሰት ሲፋቅ ሴቱን ሁሉ የሚያዙት እሳቸው ነበሩ።

ሁለተኛ ልጄን ጡት ባስጣልኩ ሰሞን አንድ ጠዋት ልጁን ላዝል ብዬ የማዘያውን ጫፍ መቋጠር አቃተኝ። ጣቶቼ የእኔ አልመስል አሉኝ። ቀኙም ግራውም እኩል ነበር። የጣቶቼ አጥንት የሚገናኝበት ቦታ አብጦ ይሞቅ ነበር። ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ወዲያ ወዲህ ስል፣ ቀስ እያለ ለቀቀኝ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በማግስቱም።

ይህ በሽታ ተንኮለኛ ነው። ጠዋት ሽባ ያደርግሃል፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሊያይህ ሲመጣ ደግሞ ደህና ያስመስልሃል። እማ ረድያ እኔ ጎጆ ሲመጡ ፀሐይ ወጥታለች፤ እሳቱ አልተያያዘም፣ ቤቱ አልተጠረገም፣ እኔ ቁጭ ብዬ ጣቶቼን እያሻሸሁ ነው። «ዘይነባ፣ ዛሬም እንቅልፍ አሸነፈሽ?» ይሉኛል። «አዎ እማ» እላለሁ። እንቅልፋም መባል ሽባ ከመባል ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ድካሙ መጣ። ሥራ ሳልሠራ ሰውነቴ ሲለፋ እንደ ዋለ ሰው ይዝላል። ጉልበቴም ከእጄ ጋር መከረ። ሶላት ስሰግድ ሱጁድ ወርጄ፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ፣ መነሳት እያቃተኝ ግድግዳ ተደግፌ እነሳ ጀመር። ሌሊት ብርድ ልብሱ ጣቴን ሲነካው እነቃና ነገ ደግሞ ምን ይወስድብኝ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ሸምሱ አጠገቤ ተኝቷል፤ አልነግረውም።

መጀመሪያ የነገርኳት እናቴ ናት። «የአራስ ብርድ ነው፣ ሳትጠነክሪ ወጥተሽ ነው» አለችኝና ቅቤ ቀባችኝ፣ በቅጠል አጠነችኝ። ሙቀቱ ደስ ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም መድኃኒት ያልጎዳኝ እሱ ነው። ቀጥሎ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ወጌሻው እጁ ስብራት በማቃናት የተመሰከረለት ሰው ነው፤ በስብራት አላማውም። የእኔን ግን «ጅማቱ ዞሯል» አለና ጣቶቼን አንድ በአንድ ይዞ ሳበ። የጮህኩት ጩኸት እስከ ገበያው ተሰምቷል ይባላል። ከዚያ በኋላ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት አልተመለሰችም። ወገኖቼ፣ ያበጠና የሚያቃጥል መገጣጠሚያ አይሳብም። ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው የከተማው ድሬሰር ነው። በዚያ ዘመን ሐኪም የሚባለው እሱ ነበር፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ መርፌ የሚወጋ። ሸምሱ አብሮኝ ገባ። ድሬሰሩ እጄን ከሩቅ አየና «ቂጥኝ ነው» አለ። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። በሩ ላይ ወረፋ የያዙ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወደ ሸምሱ ዞሮ «ከየት ነው ያመጣኸው?» አለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሸምሱ ከፊት ከፊቴ ሄደ። እኔ በሆዴ «አዲስ አበባ የሚያድረው ለዚህ ነው» እላለሁ። እሱም ስለ እኔ አንድ ነገር እያለ እንደሆነ ከጀርባው አውቄያለሁ። ሁለታችንም የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋን፤ እሱ በአንድ ቀን፣ እኔ በሌላ ቀን፣ እንዳንተያይ። ጣቶቼ ግን እንደነበሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሸምሱ ከገበያ ሲመለስ ለልጆቹ ሸንኮራ ያመጣል፣ ለእኔ «ደህና ዋልሽ» ብቻ ነው። ትዳራችን ጸጥ አለ።

አንጓዬን መስጠት የጀመርኩት ያኔ ነው። ጣቶቼ ወደ አንድ ጎን መዘንበል ጀምረው ነበር። ሰው እጄን ሲስም የጎበጡት ጣቶች ፊቱ ላይ ይደቀናሉ። እሱን ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ በሩ ጀርባ በሸክላ ጣባ ጥቂት የቆጮ ሊጥ አስቀምጥ ጀመር። ውሻችን ሲጮህ ሰው መጣ ማለት ነው፤ ሮጥ ብዬ ጣቶቼን ነከር አደርጋለሁ። «ውይ፣ እጄ ቆሻሻ ነው!» ብዬ አንጓዬን እዘረጋለሁ። ስቃችሁ ይሆናል። እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን ያ ጣባ ከደረቀ ምን ይውጠኛል ብዬ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ አመሰገኑኝ። «የረድያ ምራት መቼ ተቀምጣ ታውቃለች? በሄድሽ ቁጥር እጇ ሊጥ ውስጥ ነው» ይሉ ነበር። እማ ረድያ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ፤ ያልተጠረገውን ቤቴን የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና። እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

እንሰት ሲፋቅ ነው የምጋለጠው ብዬ እሰጋ ነበር። እንሰት የሚፋቀው በሴቶች ደቦ ነው፤ ዛሬ የአንዷ፣ ነገ የሌላዋ ግቢ። ተቀምጦ፣ ዘንበል ባለ እንጨት ላይ የተደገፈውን የእንሰት ቅርፊት በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች መግፋት ነው ሥራው፤ ጠንካራ እጅ ይፈልጋል። እኔ «ጉልበቴን ያመኛል፣ መቀመጥ አልችልም» ብዬ ቅጠል የሚያቀብሉት ጋር ቆምኩ። ጉልበት ማመም አያሳፍርም፤ አሮጊቱ ሁሉ ያመዋል። እጅ ግን ሌላ ነው። እኛ አገር ሴት ማለት እጇ ነው።

የተጋለጥኩት ግን ለቅሶ ቤት ነው። የጎረቤታችን የሉባባ አባት ሞቱና ሄድን። ለቅሶ ቤት ማንም እጁ ሊጥ አይነካም። እጄን በሻሼ ጫፍ ሸፍኜ ጥግ ተቀመጥኩ። ሉባባ እያለቀሰች ዞራ ሁሉን ስትስም እኔ ጋ ደረሰችና እጄን ፈለገች። ሳላስበው ወደ ኋላ ሳብኩት። ሻሹ ተንሸራተተ። ሉባባ ጣቶቼን አየች፣ ቀጥላ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ሳትስመኝ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

በዚያ ዘመን የጎበጠ ጣት የሚሸሽግ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚባለው። ስሙን ልጻፈው፤ ቁምጥና። ዛሬ የሥጋ ደዌ ይሉታል፣ መድኃኒትም አለው። ያኔ ግን ቁምጥና ያለበት ሰው ዳር ይወጣል፤ ከልጁ፣ ከምድጃው፣ ከሰው ይለያል። እጄን አሳይቼ ቢሆን «ምን ሆንሽ?» ይሉኝ ነበር። ስለደበቅሁት ግን ሁሉም የየራሱን ሞላበት። ያን ወሬ ያመጣው በሽታዬ ሳይሆን ሻሼ ነው።

በማግስቱ ለለቀስተኛው ቆጮ ጋግሬ ላክሁ። የወሰዱት እማ ረድያ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ፣ ቆጮው በእንሰት ቅጠል እንደተጠቀለለ በእጃቸው ነው። ፊቴ አስቀመጡት። ማንም አልቆረሰውም ነበር።

«እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ።

ሊጡን ታጥቤ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። አልነኩኝም። እኔ ጣቶቼን ዘርግቼ እንደቆምኩ ነው፤ እንባዬ ይወርዳል፣ እንዳልጠርገው እጄ እዚያ ነው።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሐሰንን ጡት ካስጣልኩ።»

«ያ አላህ! ይህን ያህል ጊዜ! እኔስ ሰው አይደለሁም?» አሉና ወጡ። ማታ ልጃቸውን ጠርተው «ውሰዳት። ያ በሽታ ከሆነ ቁርጡን እንወቅ። ካልሆነም ቁርጡን እንወቅ» ሲሉት ከግድግዳው ማዶ ሰማሁ። «ከሆነስ?» አላቸው ሸምሱ። የሰጡትን መልስ አልሰማሁም። እኔ ግን መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ ልጆቼን ስመለከት አደርኩ። ትልቋ ሰሚራ ታስታውሰኝ ይሆናል፤ ሐሰን ግን ይረሳኛል አልኩ።

አዲስ አበባ እንዳንሄድ ሸምሱ ፈራ። መርካቶ የእኛ ሰው ሞልቶበታል፤ የትኛውም ሆስፒታል በር ላይ የሚያውቀን አይጠፋም፣ ወሬውም ከእኛ ቀድሞ ቡታጅራ ይገባል። ወልቂጤ ላይ ግን የቆዳና የዚያ በሽታ ሕሙማንን የሚያይ ሐኪም በየጊዜው እየመጣ ዛፍ ሥር እንደሚያክም ሰምቷል። እዚያ ማንም አያውቀንም። በቅሎ ተዋሰና ተራራውን አቋርጠን ሄድን። ልጓሙን በጣቴ መያዝ ስለማልችል አንጓዬ ላይ አሰረልኝ። ደጋው ጉመር ላይ ስናድር ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ሸምሱ ጋቢውን አውልቆ እጆቼ ላይ ጠቀለለልኝ። ከድሬሰሩ ቀን ወዲህ ሲነካኝ የመጀመሪያው ነበር።

ወልቂጤ ስንደርስ ገና ከበቅሎው ሳልወርድ «ሸምሱ! የበርበሬው ሸምሱ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የድሮ ደንበኛው ነው። የሸምሱ ደንበኛ የሌለበት አገር የት ሄደህ ታገኛለህ! ሸምሱን ላብ አጠመቀው፤ «ዘመድ ጥየቃ ነው የመጣነው» አለ። ሰውየው እጁን ወደ እኔ ሲዘረጋ አንጓዬን ሰጠሁት። ሊጥ ግን የለም። ደግነቱ ሰውየው ችኩል ነበር።

ዛፉ ሥር ብዙ ሰው ተቀምጧል። ከአጠገቤ አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮ ነበረች፤ የእጆቿ ጣቶች ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም። እሷ ግን አትደብቅም። ጥላው ወደ እሷ በኩል ስለሆነ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝና «አዲስ ነሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። «አይዞሽ፣ ሐኪሙ አይቆጣም» አለችኝ። እኔ ግን እሷን ባየሁ ቁጥር ነገዬን የማይ እየመሰለኝ ዓይኔን ወደ መሬት ተከልኩ።

ሐኪሙ አበሻ ነው፣ ወጣት። «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ስነካሽ የነካሁሽን ቦታ በአፍሽ ንገሪኝ» አለኝ። በጥጥ ነካካኝ። አውራ ጣት አልኩ፣ መዳፍ አልኩ፣ ትንሿ ጣት አልኩ። በመርፌ ጫፍ ነካ ሲያደርገኝ ጮህኩ። ከክርኔ ጀርባ ያለውን ጅማት ዳበሰ። መጨረሻ ላይ ያበጠውን የጣቴን መገጣጠሚያ በስሱ ጫን አደረገው።

«ያማል?»

«ኧረ በአላህ! ያመኛል! በጣም ያመኛል!»

«እንኳን አመመሽ» አለኝና ሳቀ። «ያ በሽታ ያደነዝዛል እንጂ እንዲህ አያሳምምም። የአንቺ ሌላ ነው።»

ከዚያ አስረዳኝ፤ እንደገባኝ ልጻፈው። አጥንትና አጥንት የሚገናኝበት ቦታ ውስጡ በስስ ነገር የተሸፈነ ነው። የእኔ ሰውነት፣ ለምን እንደሆነ በውል አይታወቅም፣ እሱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋል። ስለዚህ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ቆይቶም አጥንቱን ያጎብጠዋል። ሁለቱም እጅ ላይ እኩል መምጣቱ፣ ጠዋት ጠዋት መገተሩ፣ ድካሙ፣ ሁሉም ምልክቱ ነው። የመገጣጠሚያ ቁጣ ነው፤ አርትራይተስ ይባላል። ወደ ሰው አይተላለፍም። ሸምሱ ጠጋ ብሎ ስለ ድሬሰሩ ነገር በሹክሹክታ ጠየቀው። «ከዚያ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ማንም ከየትም አላመጣውም» አለው።

«ታዲያ ይድናል?» አልኩ።

«አይድንም» አለኝ። ሳይሸፋፍን ስለነገረኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። «ግን ይኖሩታል።»

ስወጣ ያቺ ሴትዮ «እህሳ?» አለችኝ። «አይደለም አለኝ፤ ያመኛል፣ ስለሚያመኝ አይደለም» አልኳት፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። «ታድለሻል» አለችኝ። «እኔ እጄን ምድጃ ላይ ረስቼው ነው ያወቅሁት። ሽታው ነው የነገረኝ።» ክፋት የለባትም፣ ከልቧ ነው ደስ ያላት። ያን ጊዜ አፈርኩ። እሷ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፣ እኔ እየበረርኩ ነው የወጣሁት። ከተማው ዳር ስንደርስ ሸምሱ በቅሎውን አቆመ።

«እኔን ጠርጥረሽኝ ነበር?» አለኝ።

«አንተስ?» አልኩት።

እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ በኋላ አለቀስኩ።

ሐኪሙ ያዘዘልኝ አስፕሪን ነው፤ ለራስ ምታት ከሚወሰደው እጅግ የበዛ፣ ሁልጊዜ ከምግብ በኋላ። በባዶ ሆድ የወሰድኩ ቀን ጨጓራዬን አቃጥሎ አሳየኝ። ሲበዛብኝ ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ጠዋት እጄን በሞቀ ውሃ እነክራለሁ፣ ከዚያ ጣቶቼን ቀስ ብዬ አንድ በአንድ አንቀሳቅሳለሁ፤ ማንም አይስበኝም። ሲብስ አሳርፋለሁ፣ ሲሻል ሥራ እሠራለሁ። እንስራ በጣቴ አላነሳም፣ በክንዴ አቅፋለሁ። ሳልሰግድ አልቀርም፣ ተቀምጬ እሰግዳለሁ። ወጪውን አላነሳባችሁም፤ ፍየሎቻችን አልቀውበታል። ሸምሱ ፍየሎቹ የት ሄዱ ብለው ለሚጠይቁት «ዘይነባ ዋጠቻቸው» እያለ ይስቅ ነበር።

ቤት ስንገባ ግን ነገሩ አላበቃም። የበሽታዬን ስም ማወቄ የሰውን ዓይን አላቀናውም። ሸምሱ ገበያ ላይ «ሪህ ነው» ብሎ ተናገረ። «ሪህማ ሥጋ የሚጠግቡ የጌቶች በሽታ ነው፤ ሚስትህ መቼ ደጃዝማች ሆነች?» ብለው ሳቁበት። ሴቶቹ እንደ ድሮው ደጄ ላይ ሰላም ይሉኛል፤ ግን ቁጭ በይ ስላቸው አንድ ነገር ትዝ ይላቸዋል፣ ይሄዳሉ። ውሃም አይቀምሱልኝም። እኔም ጣባውን መልሼ በሩ ጀርባ አስቀመጥኩ። አዎ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ። እፍረት በመርፌ ተወግቶ አይወጣም። እማ ረድያ ሐኪሙ ያለውን ከሸምሱ ሰምተዋል፤ ለእኔ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሲያዩኝ ያዩኛል፣ ያልፋሉ። ከዛሬ ነገ ወደ ወላጆችሽ ሂጂ ይሉኛል እያልኩ እጠብቅ ነበር።

አረፋ ደረሰ። ከዋናው በዓል በፊት ባለው ቀን የሴቶች አረፋ አለ፤ ወንዱ ለበሬው ሲሯሯጥ ሴቱ ተሰብስቦ ጎመን ክትፎ በቆጮ የሚበላበት ቀን ነው። ሁልጊዜ የሚደረገው እማ ረድያ ቤት ነው። ከዋዜማው በፊት ጠሩኝና «ቆጮውን አንቺ ጋግሪ» አሉኝ።

«እማ፣ እኔ...»

«ሰምተሻል።»

ለበዓል የሚሆን ቆጮ ውሃው በደንብ ተጨምቆ መውጣት አለበት። እሱ ደግሞ የጣት ሥራ ነው። ሊጡን በእንሰት ቃጫ ጠቅልዬ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩና በክርኔ፣ በደረቴ ጭምር ተጫንኩት። ብዙ ጊዜ ወሰደ። እማ ረድያ በር ላይ ቆመው አዩኝና ሄዱ። ቆጮው ግን ጥሩ ሆኖ ወጣ። ዛሬም የምጨምቀው እንደዚያው ነው።

በማግስቱ ቤቱ በሴት ሞላ። ሉባባም መጣች። ጎመኑ፣ አይቡ፣ ቅቤው ቀረበ። ቆጮዬም ተቆርሶ ቀረበ። ማን እንደጋገረው ሁሉም ሳያውቅ አልቀረም፤ ሁሉም ጎመኑን ያሞግሳል እንጂ ወደ ቆጮው እጅ የሚሰድ የለም። እኔ በር አጠገብ ቆሜ መውጫውን ነው የማየው።

«ዘይነባ!» አሉ እማ ረድያ በዚያ ረጅም ድምፃቸው። «ዛሬ ሰላም ሳትይኝ ውለሻል። ነይ።»

ሄድኩ። ጎንበስ አልኩና፣ ዓመታት የለመደ እጅ አይደል፣ አንጓዬን ዘረጋሁላቸው።

«አንጓሽን ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ።

እሳቸው አንጓዬን አልፈው ጣቶቼን ያዙ። የጎበጡትን፣ ያበጡትን፣ ወጌሻው ያበላሻትን ትንሿን ጭምር በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙ። ቀኙን ስመው ግራውን ሳሙ። ከዚያ አልለቀቁኝም፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝና አፋቸውን ከፍተው «አጉርሺኝ» አሉ።

ቆጮውን ቆረስኩ። ጎመን ላነሳበት ስል ከጣቶቼ አምልጦ ቀሚሳቸው ላይ ወደቀ። ፊቴ ነደደ። እሳቸው ከቀሚሳቸው ላይ አንስተው በሉትና «ሌላ» አሉኝ። ሁለተኛው አፋቸው ደረሰ። እያኘኩ ሴቶቹን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ በተለይ ሉባባን። «ጨው አንሶታል እንጂ እጇስ ደህና ነው» አሉ።

አንዷ ሳቀች። ሌላዋ እጇን ወደ ቆጮው ሰደደች። ሉባባ ግን ከተቀመጠችበት ተነሳችና ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ያን ቀን ለቅሶ ቤት የነፈገችኝን ሰላምታ ነው ይዛ የመጣችው። እጇን ዘረጋች። አንጓዬን አልሰጠኋትም። ጣቶቼን ዘረጋሁላት። በድንጋጤና በፍቅር አጥብቃ ስትይዛቸው ሕመሙ እስከ ክርኔ ወጣ። ያን ሁሉ ዘመን ጥርሴን ነክሼ የያዝኩትን ነገር በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ቀስ በይ ሉባባ» አልኳት፣ «ያመኛል።»